ወራጅ አለ! ግን መኪናው ሳይቆም አይወረድም

ዛሬ እኛ ወጣቶች ብዙም የማናወራውን ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። ጉዳዩ የድብርት መድኃኒት ነው፤ እሱም ስለ መጀመር ሳይሆን ስለ ማቆም።

“ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን ያገናኘዋል?” የምትሉ አትጠፉም። በደንብ ይገናኛል። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ በድብርት ይጠቃሉ። ድብርት የያዘው ሰው ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን መዝለል ይጀምራል። በእኔ ላይ የደረሰው ግን ከዚህም ለየት ያለ ነው። እስቲ ከራሴ ልጀምርላችሁ።

ሁለት መድኃኒት፣ አንድ ቦርሳ

እኔ ከኤች አይ ቪ ጋር የተወለድኩ ነኝ። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ በሕፃንነታቸው ከጀመሩት ልጆች አንዷ ነበርኩ። በመጀመሪያ ሽሮፕ፣ ቀጥሎ ብዙ ክኒን፣ በመጨረሻም ዶሉቴግራቪር ያለበት በቀን አንድ ክኒን። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እውጣለሁ፣ እተኛለሁ። ለእኔ ጥርስ እንደ መቦረሽ ነበር።

11ኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ አረፈች። ገርጂ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። ሐዘን ያለ ነው፣ ያልፋል ተባለ። የእኔ ግን አላልፍ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። ምግብ አይገባኝም። ደብተር ስገልጥ ፊደሉ አይታየኝም። ጓደኞቼ ሲስቁ የሚያስቀው ነገር አይገባኝም። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ተራ ሐዘን ብቻ ላይሆን እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው።

አክስቴ ጨክና ወሰደችኝ። መጀመሪያ ምክር ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ ማውራት። ረድቶኛል፣ ግን አልበቃኝም። 18 ዓመት ሲሞላኝ ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ 50 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ጠዋት። በአራተኛው ወር ገደማ እንደገና ሰው ሆንኩ። እንቅልፌ ተመለሰ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከት ብዬ ስቄ ራሴ ደነገጥኩ።

ያኔ ነው ጣጣው የመጣው። አንዷ የክፍሌ ልጅ እርሳስ ስትፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ ክኒኑን አየችው። “ይሄማ የእብድ መድኃኒት ነው! አንዴ ከጀመርሽው እኮ ሱስ ነው፣ አይለቅሽም” አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አንድ ሚስጥር መሸከም በቅቶኝ ነበር። ሁለተኛ መሸከም አልፈለግኩም። “ደግሞስ ድኛለሁ” አልኩ። በማግስቱ ማንንም ሳልጠይቅ ሰርትራሊኑን ተውኩት። በአንድ ቀን፣ ቁርጥ!

በሦስተኛው ቀን የሆነው

በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ምንም የለም። “አየሽ!” አልኩ ለራሴ። በሦስተኛው ቀን ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ኮረንቲ ነዘረኝ። ለአንድ ሰከንድ ብቻ፣ ዝዝዝ! ደግሜ ዓይኔን አዞርኩ፣ ደገመኝ። ቀጥሎ ዙሪያው ይሽከረከር ጀመር። ላቤ ጠብ ጠብ አለ። ሊያስታውከኝ ሲተናነቀኝ “ወራጅ አለ!” ብዬ ኢምፔሪያል ጋ ወረድኩና የአጥር ግንብ ይዤ ቆምኩ።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ሲወስደኝ ሕልሙ ሲኒማ ነበር። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። አክስቴ “ምሳ ቀርቧል” ስትለኝ እጮህባታለሁ። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሰውነቴ ይቆረጣጠማል።

አሁን ትልቁን ስህተቴን ልንገራችሁ። “ሰርትራሊኑንማ ትቼዋለሁ፤ ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው?” ብዬ አሰብኩ። በእጄ የቀረው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ የማታው። “በቃ፣ የሚያዞረኝ እሱ ነው” አልኩ። እናም ሦስት ማታ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቴን ሳልውጥ አደርኩ።

ልብ በሉ! ቀስ ብሎ መወረድ ያለበትን መድኃኒት በአንድ ቀን ጣልኩት። ፈጽሞ መቋረጥ የሌለበትን ደግሞ ያላጠፋውን ጥፋት አሸክሜ ተውኩት።

“ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ”

ያዳነኝ የቀጠሮ ቀን መድረሱ ነው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ እንደ ወትሮው የማታውን ክኒን ቆጠረች። ሦስት ተርፏል።

“የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?” አለችኝ።

“ሲስተር፣ ያዞረኛል፤ ሊያስታውከኝ ይላል። መድኃኒቱ አልተስማማኝም መሰለኝ” አልኳት።

“ይሄን መድኃኒት ስንት ጊዜ ወሰድሽው?”

“ሁለት ዓመት አልፎታል።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ተስማምቶሽ ዛሬ እንዴት ጠላሽው? በቅርቡ የተቀየረ ነገር የለም? የጀመርሽው? ያቆምሽው?”

ዝም አልኩ። አክስቴ ጎን ተቀምጣለች። ሲስተር ግን አልተቆጣችም። “ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አድርጊልኝ” አለች። ከቦርሳዬ ጥግ የሰርትራሊኑን እሽግ አወጣሁ። ከተቋረጠ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

“ስሚኝ የኔ ልጅ። ይሄኛው” አለች የማታውን ክኒን እያሳየችኝ፣ “ዕድሜ ልክ ነው። ካቆምሽው ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ይላመደዋል። ይሄኛው ደግሞ” ሰርትራሊኑን ነካች፣ “የሚቆምበት ቀን አለው። መቆም ይችላል፣ መፈለግሽም ነውር አይደለም። ግን መኪናው እየሄደ አይወረድም። ‘ወራጅ አለ’ ማለት አለብሽ። ሾፌሩ መስማት አለበት። ቀስ ማለት አለበት። ከዚያ ትወርጃለሽ።”

የማታውን ክኒን ያኔውኑ ቀጠልኩ። ስለ ሰርትራሊኑ ያዘዘልኝን ባለሙያ አማክራ እንደገና አስጀመሩኝ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮረንቲው ጠፋ። በኋላ የቫይረስ መጠን ምርመራ ተሠራልኝ፤ በምርመራ የማይታይ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ማታ ነበርና ተረፍኩ። ሦስት ወር ቢሆንስ ኖሮ?

ለመሆኑ ለምን ነዘረኝ?

አንጎላችን ውስጥ መልእክት ከሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሴሮቶኒን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ቶሎ ተመልሶ እንዳይወሰድ ያደርጋሉ። አንጎልም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱን ከዚህ ጋር ያስተካክላል።

ከቀትር ፀሐይ ወጥታችሁ ድንገት ጨለማ ጓዳ ስትገቡ ምን ትሆናላችሁ? ለጊዜው ምንም አይታያችሁም፤ ትደናበራላችሁ። ዓይናችሁ ታሞ አይደለም፣ የለመደውን ብርሃን በአንድ ጊዜ ስላጣ ነው። አንጎልም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ በድንገት ሲጠፋበት ይደናበራል። ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ኮረንቲ የመሰለ ንዝረት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እንግዳ ሕልም፣ ጭንቀት፣ ንዴትና ለቅሶ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በቆመ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምርና በአንድና በሁለት ሳምንት ይበርዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሳምንታትና ወራት ይቆያል።

ከሰውነት ቶሎ የሚወጡ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን፣ ሲቋረጡ የበለጠ ያስቸግራሉ። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ምልክቱ ዘግይቶ ወይም ቀለል ብሎ ይመጣል። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው አሚትሪፕቲሊንም በድንገት ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የድብርት መድኃኒት ታሪክ ራሱ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የሚባል የቲቢ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን መንፈሳቸው ሲነቃቃ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1957 የስዊዘርላንዱ ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ለድብርት እንደሚያገለግል አሳወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ኢሚፕራሚን ሲቋረጥ የሚመጡ ምልክቶች በሐኪሞች ተጻፉ። እኔን ኢምፔሪያል ጋ ያስወረደኝ ነገር ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል ወይ? አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ የድብርት መድኃኒት ካቆሙ 100 ሰዎች 31 ያህሉ ምልክት ታይቶባቸዋል። መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ሲያቆሙም ከ100 ሰዎች 17ቱ ምልክት አይተዋል። ስለዚህ በእርግጥ ከመድኃኒቱ መቋረጥ የሚመጣው ከ100 ሰዎች 15 ያህሉ ላይ ነው። ከባድ ሆኖ የሚገኘው ደግሞ ከ100 ሦስት ያህሉ ላይ ነው። እንግዲህ ፍርሃት አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል።

ሱስ ነው ወይ?

ጓደኛዬ ያለችው ይህን ነበር። ለሲስተር ጠየቅኳት። እሷም እንዲህ አስረዳችኝ። ሱስ ማለት አምሮት ነው። ጫት ወይም ሲጋራ የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ልቡ ይሄዳል፣ መጠኑን ይጨምራል፣ ጉዳቱን እያወቀ መተው ያቅተዋል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ክኒኑ አያምረውም፣ ደስታ ፍለጋ ሁለት ሦስት አይውጥም። እንዲያውም እንደ እኔ መዋጡን ይረሳል። የአካል መልመድና ሱስ አንድ አይደሉም።

ሕመሙ ተመለሰ ወይስ ማቋረጡ ነው?

ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው። ማቋረጡ ያመጣውን ምልክት ያየ ሰው “ያለ መድኃኒት መኖር አልችልም ማለት ነው” ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። የሚከተሉት ነጥቦች ይረዳሉ፦

1. ጊዜው፦ የማቋረጥ ምልክት በቀናት ውስጥ ይመጣል። ድብርት ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው።

2. ዓይነቱ፦ ኮረንቲ፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ በመጀመሪያው ድብርት ጊዜ ያልነበሩ ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ማቋረጡ ይሄዳል።

3. መልሱ፦ መድኃኒቱ እንደገና ሲጀመር የማቋረጥ ምልክት በቀናት ይጠፋል። ድብርት ግን በመድኃኒት ለመሻል ሳምንታት ይፈልጋል።

ይህን የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው። የእኛ ሥራ ያየነውን በትክክል መናገር ነው።

እንዴት ወረድኩ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ መሠረት፣ የድብርት መድኃኒት ስለ ማቆም የሚታሰበው ሰውየው ከተሻለው ከ9 እስከ 12 ወር ካለፈና የዕለት ሥራውን መሥራት ከቻለ በኋላ ነው። ሲቆምም ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። እኔ በአራት ወር “ድኛለሁ” ብዬ ነበር!

ጊዜው ሲደርስ ሐኪሙ፣ ሲስተርና እኔ ቁጭ ብለን አቀድን። ከ50 ወደ 25 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ወደ እሱ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ምንም። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሳምንታት ቆየሁ። መጨረሻው ላይ ይበልጥ ቀስ አልን፤ ምክንያቱም ትንሹ መጠን ራሱ አንጎል ላይ ያለው ኃይል ትልቅ ስለሆነ የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ሊከብድ ይችላል። ይህ የእኔ ዕቅድ ነው፤ የእናንተ አይደለም። መድኃኒቱ ሌላ ከሆነ ዕቅዱም ሌላ ነው። የማይቆረጥ ክኒንና እንክብልም አለ።

በመውረዱ ወቅት የጠቀሙኝን ልንገራችሁ፦

• ማስታወሻ ያዝኩ። ቀኑን፣ የወሰድኩትን መጠን፣ እንቅልፌንና የተሰማኝን በአንድ መስመር። “ዛሬ ሁለቴ ነዘረኝ፣ ትናንት አምስቴ ነበር” የሚለው መስመር ራሱ ያጽናናል።

• ከአልጋ ስነሳ ቀስ አልኩ። መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም። በሚያዞረኝ ቀን ብቻዬን መንገድ አልተሻገርኩም።

• ቁርስ አልዘለልኩም፣ ውኃ ጠጣሁ። ከምሳ በኋላ ቡና ተውኩ፤ እንቅልፌን ይሰርቀኝ ነበርና።

• ማታ ማታ ከአክስቴ ጋር በሰፈር ውስጥ በእግር ተጓዝን። ስንጓዝ እናወራለን፤ እሱም መድኃኒት ነው።

• ለሁለት ሰው ነገርኩ፦ ለአክስቴና ለአንዲት ጓደኛዬ። “ከተነጫነጭኩ እኔ ሳልሆን መውረዱ ነው” አልኳቸው። ይቅርታ መጠየቅ ቀለለኝ።

• ፈተና ባለበት ሳምንት መጠን አልቀነስኩም። የማይመች ጊዜ ሲመጣ ያለሁበት ደረጃ ላይ ቆየሁ።

• የማታዋን ክኒን አንድም ቀን አልነካኋት። በስልኬ ላይ የ3 ሰዓት ደወል አለ፤ እስከ ዛሬም ይጮኻል።

አንድ ልጅ “ትንሽ ጫት ብትቅሚ ይነቃቃሻል” ብሎኝ ነበር። አይሆንም! ጫት አነቃቂ ነው፤ ለጊዜው ቢያነቃም እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲበርድ ደግሞ ድብርቱን ያብሳል። መጠጥም እንዲሁ። እየወረደ ያለ ሰው እነዚህን ቢያርቅ ይሻለዋል።

ጠበልስ?

አክስቴ መጀመሪያ ላይ “ጠበል ሂጂና ክኒኑን ተይው” ብላኝ ነበር። እምነቷን አከብራለሁ፤ የእኔም እምነት ነው። ሲስተር ግን አንድ ነገር አስታወሰቻት። በ1999 ዓ.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን በይፋ ተናግረው ነበር። ያኔ እንጦጦ ጠበል ላይ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ብዙዎች ነበሩ። አክስቴ ይህን ስትሰማ “እንግዲያ ሁለቱንም” አለች። ጠበሉን እሁድ አብረን ሄድን፤ ክኒኑም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ይህን አትጠብቁ

አንድ ነገር አደራ። መድኃኒት ስትጀምሩም፣ ሲቀየርባችሁም፣ ስታቆሙም “መኖር ምን ይሠራል” የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ጓደኛችሁ እንዲህ ካለ፣ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ። ያን ቀን፣ ያን ሰዓት ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩና አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሚስጥር ነው ብላችሁ አትያዙት። መድኃኒት ፋርማሲ ውስጥ ሲጠፋም “በቃ ተቋረጠ” አትበሉ፤ እሽጉ ሳያልቅ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ ያዘዘላችሁን ባለሙያም አማክሩ።

በመጨረሻም

ዛሬ የድብርት መድኃኒት ካቆምኩ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነኝ። ድብርቱ ቢመለስ እንደገና እጀምራለሁ፤ አላፍርም። ያቺ የክፍሌ ልጅ ዛሬም ጓደኛዬ ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የማታዋንም ጭምር። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ “እኔ እኮ ክኒኑን ያስጣልኩሽ” አለችና አለቀሰች። “አንቺ አይደለሽም፤ አለመጠየቄ ነው” አልኳት።

እንግዲህ ውድ እህት ወንድሞቼ፣ መድኃኒት ማቆም ስትፈልጉ ዝም ብላችሁ በሩን አትክፈቱ። “ወራጅ አለ!” በሉ። ለሚሰማ ሰው፣ ጮክ ብላችሁ።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀስ በቀስ ሊቆም የሚችልና ፈጽሞ መቋረጥ የሌለበት መድኃኒት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2. “የእብድ መድኃኒት” የሚለው አነጋገር በታማሚው ላይ ምን ያስከትላል? በምን እንተካው?

3. የአካል መልመድና ሱስ በምን ይለያያሉ?

4. ጓደኛችሁ መድኃኒቱን በድብቅ እንዳቆመ ብትሰሙ ሚስጥሩን ሳታባክኑ እንዴት ትረዱታላችሁ?

ቸር ይግጠመን!